ለቤት ውስጥ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ሃርድ ዲስክ መምረጥና መያዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቪዲዮ ማቀናበር የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ካሜራና ስለ ሶፍትዌር ነው። ዲስክ ትዝ የሚለው ኮምፒውተሩ «ቦታ የለም» ብሎ ኤክስፖርቱን መሃል ላይ ሲያቆምበት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ቤታቸው ተቀምጠው ኤዲት የሚያደርጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ ለትልቅ ስቱዲዮ አይሆኑም። አንድ ኮምፒውተርና ልክ ያለው በጀት ላለው ሰው ግን ይሆናሉ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ሰው ለፍጥነት ከሚገባው በላይ ይከፍላል፤ ለሁለተኛ ቅጂ ሲሆን ግን ገንዘቡ ያሳሳዋል። እኔ በተቃራኒው ነኝ።

ስንት ቴራባይት ያስፈልገኛል?

መልሱ ካሜራችሁ ውስጥ ነው ያለው። በሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚጽፍ ሴቲንጉ ውስጥ ወይም ማኑዋሉ ላይ ፈልጉ። ቁጥሩን በ0.45 አባዙት። የሚወጣው የአንድ ሰዓት ቀረጻ የሚይዘው ቦታ ነው፣ በጊጋባይት። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። 50 ከሆነ 22.5፣ 200 ከሆነ 90።

በስልክ ለምትቀርጹ፦ አይፎን በ4ኬ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ቦታ ቆጣቢ በሆነው ፎርማት ሲቀርጽ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። በሰዓት 10 ጊጋባይት አካባቢ ማለት ነው። ፍሬሙን ወደ 60 ካሳደጋችሁት በደቂቃ 400 ሜጋባይት ይደርሳል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ግን አለ። ቦታ የሚወስደው ቀረጻው ብቻ አይደለም። ፕሮክሲ (ለኤዲት የሚሠራ ቀለል ያለ ቅጂ) አለ፣ የሬንደር ፋይል (ሶፍትዌሩ ቀድሞ አዘጋጅቶ የሚያስቀምጠው ቪዲዮ) አለ፣ ኬሽ (ሶፍትዌሩ ለፍጥነት የሚያከማቸው ጊዜያዊ ፋይል) አለ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እየተባሉ የሚወጡ ኤክስፖርቶችም አሉ። ለቀረጻው ካሰላችሁት ላይ ግማሹን ጨምሩበት። ቀረጻውን ወደ ፕሮሬስ (ለኤዲት የሚመች፣ ግን ቦታ የሚበላ የአፕል ፎርማት) ቀይራችሁ ኤዲት የምታደርጉ ከሆነ ደግሞ ግማሽ አይበቃም። ፕሮሬስ 422 በ1080 እና በ30 ፍሬም በሰዓት 66 ጊጋባይት ገደማ ነው። በ4ኬ 265 ጊጋባይት ይደርሳል።

በምሳሌ እንየው። በወር አንድ ሥራ አላችሁ እንበል። ለእያንዳንዱ 4 ሰዓት ትቀርጻላችሁ፣ በ100 ሜጋቢት። ቀረጻው 180 ጊጋባይት ነው፤ ከነተጨማሪው 270። ሥራው ሲያልቅ ኬሹንና ፕሮክሲውን ካጠፋችሁ በዓመት የሚጠራቀመው 2.2 ቴራባይት አካባቢ ይሆናል። ጥቂት ባዶ ቦታ ትታችሁለት እንኳ ባለ 4 ቴራ ዲስክ ዓመት ተኩል ያዘልቃችኋል።

ታዲያ ለ8 ቴራባይት የሚበቃ ገንዘብ ቢኖራችሁ አንድ ባለ 8 ትገዛላችሁ ወይስ ሁለት ባለ 4? ሁለት ባለ 4። አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለቅጂ። ባለ 8ቱ አንድ ቀን ቀጥ ቢል የሁለት ሦስት ዓመት ሥራ ይዞ ነው የሚሄደው።

ባለ 4 ቴራ ገዝቼ ኮምፒውተሩ 3.6 ይለኛል። ተጭበርብሬ ይሆን?

አልተጭበረበራችሁም። አምራቹ 1 ቴራባይት ሲል አንድ ትሪሊዮን ባይት ማለቱ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 እያካፈለ ይቆጥርና ውጤቱን በዚያው ስም ይጠራዋል። ስለዚህ 4 ቴራው 3.63 ሆኖ ይታያል፤ 1 ቴራው 931 ጊጋባይት። ማክ ከ2009 ጀምሮ እንደ አምራቾቹ ነው የሚቆጥረው። እዚያ ላይ ብትሰኩት ያው ዲስክ «ያድጋል»።

ሃርድ ዲስክ ይሻላል ወይስ ኤስኤስዲ?

ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚዞር ሳህን አለው፤ ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ ቺፕ ላይ ነው የሚጽፈው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንያዝ። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ አንድ ረጅም ፋይል ሲያነብ በሰከንድ ከ150 እስከ 250 ሜጋባይት ይሰጣል። በሳታ (በተለመደው የዲስክ ኬብል) የሚገናኝ ኤስኤስዲ 550 ገደማ ይደርሳል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው፣ ማዘርቦርድ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ቀጭኑ፣ እንደ ትውልዱ ከ3,000 እስከ 14,000 ይሄዳል።

አሁን ካሜራችሁን አስቡ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ማለት 12.5 ሜጋባይት ነው፤ ቢት ለ8 ሲካፈል ባይት ይሆናል። አንድ ቀረጻ ለማጫወት 12.5 በቂ ነው። ዝግተኛ የሚባለው ሃርድ ዲስክ ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ይሰጣል። «4ኬ ለመሥራት ግዴታ ኤስኤስዲ ያስፈልጋል» የሚባለውን አባባል የማልወደው ለዚህ ነው።

ሃርድ ዲስክ የሚሸነፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ክንድ አለ። ከአንድ ፋይል ወደ ሌላ ለመሄድ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አንድ ረጅም ፋይል ሲያነብ ይህ አይታወቅም። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ የኬሽ ፋይሎችን፣ የድምፅ ሞገድ ሥዕሎችንና የክሊፕ ምስሎችን በአንዴ ስትጠይቁት ግን ክንዱ ወዲያና ወዲህ ሲል ይውላል። ፍጥነቱም ዲስኩ እየሞላ ሲሄድ ይወርዳል። መረጃ መጻፍ የሚጀምረው ከዲስኩ ውጫዊ ጠርዝ ነው። ወደ መሃል ሲጠጋ በአንድ ዙር የሚነበበው እያነሰ ይመጣል፤ መጨረሻው አካባቢ ከመነሻው ግማሽ ያህል ይሆናል።

ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ዊንዶውሱ ወይም ማክኦኤሱ፣ ሶፍትዌሮቹና ኬሹ ኤስኤስዲ ላይ። አሁን እጅ ላይ ያለው ሥራም ቦታ ካለው እዚያው። ያለቁ ሥራዎችና የቀረጻ ክምችት ሃርድ ዲስክ ላይ። ባለ 1 ቴራ ኤስኤስዲና ሁለት ትልልቅ ሃርድ ዲስክ ያለው ሰው፣ ሙሉ በሙሉ ኤስኤስዲ ገዝቶ ባክአፕ ከሌለው ሰው እጅግ የተሻለ ቦታ ላይ ነው።

ኤስኤስዲው መጀመሪያ ይፈጥንና ትልቅ ፋይል ስገለብጥ ይደክማል። ለምን?

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ለመጀመሪያዎቹ ጊጋባይቶች ነው። ብዙ ኤስኤስዲዎች ከቦታቸው የተወሰነውን እንደ ፈጣን መቀበያ ይጠቀሙበታል። መቀበያው ሲሞላ እውነተኛ ፍጥነታቸው ይገለጣል። ኪውኤልሲ በሚባለው ርካሽ ዓይነት ላይ አንዳንዴ ከሃርድ ዲስክ በታች ይወርዳል። ፎቶና ሰነድ የሚያስቀምጥ ሰው ይህ አይገጥመውም። 200 ጊጋባይት ቀረጻ በአንዴ የሚገለብጥ ሰው ግን ይገጥመዋል። ለሥራ የምትገዙት ከሆነ ቲኤልሲ የሚለውን ምረጡ። ሲሞላ ይበልጥ ስለሚዘገይም ከ10 እስከ 20 በመቶውን ባዶ ተዉለት።

ኤስኤስዲ በመጻፍ ብዛት ያልቃል ይባላል። ቪዲዮ ቶሎ አይጨርሰውም?

ለቤት ሥራ አያሳስብም። የተለመደ ባለ 1 ቴራ ኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ 600 ቴራባይት ያህል እስኪጻፍበት ዋስትና ይሰጠዋል። በየቀኑ ሳታርፉ 100 ጊጋባይት ብትጽፉበት 16 ዓመት ይፈጃል። ከዚያ በፊት ኮምፒውተሩን ራሱን ትቀይራላችሁ።

ቪዲዮው ታይምላይን ላይ ይቆራረጣል። ዲስኩ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ካሜራና ስልክ የሚቀርጹት ኤች 264 ወይም ኤች 265 በሚባል መንገድ አጭቀው ነው። በዚህ አሠራር አብዛኛው ፍሬም ሙሉ ምስል አይደለም። ከጎረቤቱ በምን እንደሚለይ ብቻ ነው የሚመዘገበው። ጠቋሚያችሁን የሆነ ቦታ ላይ ስታሳርፉ ፕሮሰሰሩ ያንን አንድ ፍሬም ለማሳየት በዙሪያው ያሉትንም መፍታት አለበት። ፋይሉ ትንሽ ነው፤ ዲስኩ ላይ አይከብድም። ፕሮሰሰሩ ላይ ግን ይከብዳል።

ለማጣራት ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን፣ ማክ ላይ አክቲቪቲ ሞኒተርን ክፈቱ። ቪዲዮውን እያጫወታችሁ እዩት። ዲስኩ በሰከንድ 15 ሜጋባይት ብቻ እያነበበ ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ላይ ከሆነ አዲስ ዲስክ መግዛት ምንም አይፈይድላችሁም። ፕሮሰሰሩ ዘና ብሎ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ግን ጥርጣሬያችሁ ልክ ነው።

ችግሩ ፕሮሰሰሩ ከሆነ መፍትሔው ፕሮክሲ ነው። ሶፍትዌሩ ከእያንዳንዱ ክሊፕ ቀለል ያለ ቅጂ ይሠራል። በእሱ ኤዲት ታደርጋላችሁ፤ ኤክስፖርት ስታደርጉ ዋናው ይተካል። ዳቪንቺ ሪዞልቭም ፕሪሚየርም ፋይናል ካትም ይህን ያደርጋሉ። ቦታ ይወስዳል፤ ገንዘብ ግን አያስወጣም።

ዲስኩ በእውነት ጥፋተኛ የሚሆንበት ዋናው አጋጣሚ በብዙ ካሜራ የተቀረጸ ሥራ ነው። አራት ካሜራ እያንዳንዱ 12.5 ሜጋባይት፣ በድምሩ 50። በወረቀት ላይ ሃርድ ዲስኩ ይህን በቀላሉ ይችላል። ግን አራቱ ፋይሎች ያሉት አራት ቦታ ላይ ነው፤ ክንዱ በመካከላቸው ሲመላለስ ነው የሚውለው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ኤስኤስዲ ዋጋውን ያወጣል።

በዩኤስቢ የሚሰካ ዲስክ ላይ በቀጥታ ኤዲት ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፣ ኬብሉና መሰኪያው ደህና ከሆኑ። አሮጌው ዩኤስቢ 2 በተግባር በሰከንድ ከ35 እስከ 40 ሜጋባይት ነው የሚያሳልፈው፤ ምንም ዓይነት ዲስክ ብትሰኩበት ያው ነው። ዩኤስቢ 3 በተግባር 400 ያህል ይደርሳል። ለየትኛውም ነጠላ ሃርድ ዲስክ ከበቂ በላይ ነው። ለውጫዊ ኤንቪኤምኢ ባለ 10 ጊጋቢቱን ፈልጉ፤ በሰከንድ 1,000 ሜጋባይት ገደማ ያስኬዳል። ተንደርቦልት የሚባለው ፈጣን መሰኪያ ከዚያም በላይ ነው፣ ዋጋውም እንዲሁ።

ስሞቹ ግራ ቢያጋቧችሁ አትፍረዱ በራሳችሁ። ያው ባለ 5 ጊጋቢት ዩኤስቢ መጀመሪያ 3.0፣ ቀጥሎ 3.1 ጄን 1፣ ከዚያ 3.2 ጄን 1 ተብሏል። ስሙን ትታችሁ ጊጋቢቱን አንብቡ። ታይፕ ሲ መሆኑም ስለ ፍጥነቱ ምንም አይነግራችሁም። ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚመጣው የታይፕ ሲ ኬብል ብዙ ጊዜ ውስጡ ዩኤስቢ 2 ነው። ውድ ኤስኤስዲ ገዝተው በዚያ ኬብል ሰክተው ዲስኩን የሚራገሙ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ሌላው መጠኑ ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባው ትንሹ ሃርድ ዲስክ ኃይሉን ከዩኤስቢ ያገኛል፣ ለመያዝ ይመቻል፣ ግን በአብዛኛው ዝግተኛ ነው። የራሱ የኃይል ገመድ ያለው ትልቁ ይፈጥናል፤ በቴራባይት ሲሰላም ይረክሳል። ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ትልቁን እመርጣለሁ።

ኤስኤምአር እና ሲኤምአር የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ያሳስበኛል?

ለሥራ ዲስክ ያሳስባችኋል፤ ለማስቀመጫ ብዙም።

በተለመደው ሲኤምአር ዲስክ ላይ መረጃው የሚጻፍባቸው መስመሮች ጎን ለጎን ተለያይተው ይቀመጣሉ። በኤስኤምአር እንደ ጣራ ቆርቆሮ ጠርዝ ለጠርዝ ይደራረባሉ። በዚህም በአንድ ዲስክ ላይ ብዙ ይጠራቀማል። ችግሩ፣ መሃል ያለውን መስመር ለመቀየር የተደረበበትንም እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ጽፎ ለማስቀመጥ ምንም አይልም። በየጊዜው ለሚጻፍና ለሚሰረዝ ኬሽና ሬንደር ግን ያስለቅሳል። ረጅም ኮፒ ስታደርጉ በጥሩ ፍጥነት ይጀምርና ድንገት በሰከንድ ወደ ጥቂት አሥር ሜጋባይቶች ይወርዳል።

በ2020 ዌስተርን ዲጂታል፣ ሲጌትና ቶሺባ አንዳንድ ዲስኮቻቸውን ኤስኤምአር መሆናቸውን ሳይናገሩ እየሸጡ እንደነበር ታወቀና ትልቅ ቁጣ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የትኛው ሞዴል የትኛው እንደሆነ ዝርዝር ማውጣት ጀመሩ። ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ቁጥር አይታችሁ አጣሩ። የኪስ ዲስኮች በአብዛኛው ኤስኤምአር ናቸው።

ኬሹ ሲ ድራይቬን ሞልቶታል። ላጥፋው?

አጥፉት፣ ምንም አይነካችሁም። ኬሽ ሶፍትዌሩ ለራሱ ምቾት የሚሠራው ነው፤ ከጠፋ እንደገና ይሠራዋል። ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ ትንሽ ያስጠብቃችኋል፣ በቃ። ፕሪሚየር ላይ ፕሪፈረንስ ውስጥ ሚዲያ ኬሽ የሚል ገጽ አለ። ቦታውን መቀየሪያውም፣ ከተወሰነ ቀን በኋላ ራሱ እንዲያጠፋ ማድረጊያውም እዚያው ነው። ሪዞልቭ ላይ የሬንደር ኬሹ ከፕሌይባክ ሜኑ ይጠፋል። ዋናው ነገር ከሶፍትዌሩ ውስጥ ማጥፋት ነው። ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ በእጅ ስትሰርዙ የማይሰረዝ ትሰርዛላችሁ።

ዲስኩ ሞልቷል። በምን ቅደም ተከተል ልሰርዝ?

መልሶ ሊሠራ የሚችለው ይቅደም። ኬሽ፣ ከዚያ የሬንደር ፋይል፣ ከዚያ ፕሮክሲ፣ ከዚያ ለሙከራ የወጡ ኤክስፖርቶች። ዋናው ቀረጻ የመጨረሻው ነው፤ እሱን ዳግም የሚያወጣ ሶፍትዌር የለም። የፕሮጀክት ፋይሉን ደግሞ በጭራሽ አትሰርዙ። መጠኑ ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ ሰርዛችሁ የምታገኙት ቦታ የለም።

በምን ፎርማት ላድርገው?

ዊንዶውስ ብቻ ከሆነ የምትጠቀሙት ኤንቲኤፍኤስ። ማክ ብቻ ከሆነ ለኤስኤስዲ ኤፒኤፍኤስ፣ ለሃርድ ዲስክ የቀድሞው ማክ ኦኤስ ኤክስቴንድድ። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ከሆነ ኤክስፋት። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም። ኤክስፋት በመጻፍ ላይ ሳለ ቢነቀል በቀላሉ ይበላሻል፤ ስለዚህ ኢጀክት ሳታደርጉ አትንቀሉት። ፋት32 ለቪዲዮ አይሆንም፣ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም።

ሬይድ ላድርግ?

ሬይድ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ማሠራት ነው። ሬይድ 0 ሁለት ዲስክን አጣምሮ ፍጥነቱን ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል። አንዱ ሲሞት ግን የሁለቱም መረጃ ይጠፋል። ሬይድ 1 አንዱን የሌላው ግልባጭ ያደርገዋል። አንዱ ሲሞት ሥራ አይቆምም። ጥሩ ነው፤ ግን ባክአፕ አይደለም። በስህተት የሰረዛችሁት ፎልደር በዚያው ቅጽበት ከሁለቱም ይሰረዛል። ቫይረስም ሁለቱንም ያገኛቸዋል። ቤት ለሚሠራ ሰው ሁለቱን ለየብቻ ይዞ አንዱን ነቅሎ ማስቀመጥ ይሻላል እላለሁ።

ባክአፕ በትክክል እንዴት ነው የሚያዘው?

ፒተር ክሮግ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ያስተዋወቀው 3-2-1 የሚባል ሕግ አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ቤት ውስጥ ሌባ ቢገባ ወይም እሳት ቢነሣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ዲስኮች አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። ሦስተኛው ለዚያ ነው።

ለቪዲዮ ይህን በሙሉ መፈጸም ይከብዳል፣ ፋይሉ ትልቅ ነው። ሁሉንም ክላውድ ላይ ልስቀል ካላችሁ አስሉት፦ 180 ጊጋባይት፣ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚሰቅል ኢንተርኔት፣ 40 ሰዓት። ስለዚህ እከፋፍለዋለሁ። የፕሮጀክት ፋይሎችና ያለቁ ቪዲዮዎች ክላውድ ላይ ይውጡ፤ ትንሽ ናቸው። ዋናው ቀረጻ በሁለት ዲስክ ላይ ይሁን። ሁለተኛው ዲስክ ኮፒ ከተደረገ በኋላ ተነቅሎ ወንድማችሁ ወይም ጓደኛችሁ ቤት ይቀመጥ። በወር አንዴ አምጥታችሁ አዲሱን ጨምሩበት። ክላውዱ ራሱን የሚያመሳስል ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። እዚህ የሰረዛችሁት እዚያም ይሰረዛል።

ሜሞሪ ካርዱን መቼ ነው ፎርማት የማደርገው?

ቀረጻው ሁለት ዲስክ ላይ ከገባና ከሁለቱም ላይ ክሊፖችን ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ። ከካርዱ ስትገለብጡ ኮፒ እንጂ ከት አታድርጉ፣ መሃል ላይ ቢቋረጥ ፋይሉ ከሁለቱም ቦታ ሊጎዳ ይችላል። የካርዱን ፎልደር እንዳለ ገልብጡ። አንዳንድ ካሜራዎች ቪዲዮውን በብዙ ፋይል ይከፋፍሉታል፤ ኤምፒ4ዋን ብቻ ለቅማችሁ ስትወስዱ የሚጎድል ነገር ይኖራል። ፎርማቱን ደግሞ ካሜራው ላይ አድርጉት፣ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን።

ዲስኩ ሊሞት መሆኑን አስቀድሜ ማወቅ እችላለሁ?

አንዳንዴ። ዲስኮች ስማርት የሚባል ራሳቸውን የሚከታተሉበት መዝገብ አላቸው። ዊንዶውስ ላይ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ያሳያችኋል። ሁለት መስመር ተከታተሉ፦ ሪአሎኬትድ ሴክተር (ተበላሽተው የተተኩ ቦታዎች) እና ፔንዲንግ ሴክተር (ለማንበብ ያስቸገሩ ቦታዎች)። ሁለቱም ዜሮ ቢሆኑ ደስ ይላል። ከዜሮ ተነሥተው በየሳምንቱ እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩን ለሥራ አትመኑት።

ግን ስማርት ዝም አለ ብላችሁ አትተኙ። ጉግል በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮቹን ተከታትሎ ባወጣው ጥናት፣ ከሞቱት ከሦስት አንዱ በላይ ከመሞታቸው በፊት፣ ከሙቀት ውጪ፣ በስማርት ምንም ምልክት አላሳዩም ነበር። በሌላ በኩል መፍራትም አያስፈልግም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮችን የሚያንቀሳቅሰው የክላውድ ማስቀመጫ ድርጅት ባክብሌዝ በየጊዜው በሚያወጣው መረጃ፣ በቅርብ ዓመታት በዓመት የሚበላሹት ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህሉ ናቸው። እነዚያ ግን በዳታ ሴንተር ውስጥ ሳይነኩ የሚዞሩ ናቸው። ቦርሳ ውስጥ የሚወረወረው ዲስክ ዕድሉ ሌላ ነው።

የድምፁ ነገርም አለ። ቀጭ፣ ቀጭ እያለ የሚደጋግም ከሆነ፣ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ፣ ወይም ሲሠራ በራሱ የሚጠፋና የሚመጣ ከሆነ ወዲያው አቁሙ። መጀመሪያ ቅጂ የሌለውን ፋይል አውጡ፣ የቀረውን በኋላ። ጥገና የሚሞክሩ ፕሮግራሞችን አታስሩጡበት፣ የደከመውን ክንድ ይጨርሱታል። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት የሚለውን ምክርም አትስሙ። ውስጡ የሚፈጠረው እርጥበት የቀረውንም ያጠፋዋል። ጭራሽ አልከፈት ካለና ያለው ነገር ውድ ከሆነ ባለሙያ ጋ ይሂድ።

ሃርድ ዲስኩ ሲሠራ ማንቀሳቀስ ምን ያመጣል?

የሚያነበው ጭንቅላት ከሚዞረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ነው። በዚያ ርቀት ላይ ጠረጴዛ መምታት እንኳ ቀላል ነገር አይደለም። ሲዞር አታንሡት፤ ነቅላችሁም ዙሩ እስኪቆም ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ከሆናችሁ ለዴስክቶፕና ለትልቁ ውጫዊ ዲስክ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙ።

ባለ 16 ቴራ ኤስኤስዲ በጣም በርካሽ አየሁ። ልግዛ?

አይሆንም። ውስጡ ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ሆኖ ለኮምፒውተሩ 16 ቴራ ነኝ እንዲል የተታለለ ነው። ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል፤ ፋይሎቻችሁ ስማቸው ይታያል፣ ውስጣቸው ግን የለም። የምትጠራጠሩትን ዲስክ ኤች2ቴስትደብልዩ ወይም ኤፍ3 በሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች ሙሉ በሙሉ ጽፋችሁ አስፈትኑ። ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ ማታ አስጀምሩት።

ናስ ላይ ኤዲት ማድረግስ?

ናስ በቤት ኔትወርክ በኩል የሚደረስበት የዲስክ ሳጥን ነው። በተለመደው ባለ 1 ጊጋቢት የኔትወርክ ኬብል በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ይገኛል፤ ለቀላል ሥራ ይበቃል። በዋይፋይ ግን አትሞክሩት።

ያለቁ ሥራዎችን ለዓመታት እንዴት ላቆይ?

ሃርድ ዲስክ ላይ። ኤስኤስዲ መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ብዙ የተጻፈበት ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ሊረሳ ይችላል። ሃርድ ዲስክም ቢሆን ለዘላለም አይደለም። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ሰክታችሁ የተወሰኑ ፋይሎችን ክፈቱ። አምስት ዓመት አካባቢ ሲሞላው ወደ አዲስ ዲስክ አዛውሩት፤ አሮጌውን እንደ ተጨማሪ ቅጂ ያዙት።

ከማስቀመጣችሁ በፊት ሥራውን ሰብስቡ። ሙዚቃው ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ፣ ሎጎው ዴስክቶፕ ላይ ቀርቶ የተቀመጠ ፕሮጀክት ሲከፈት ቀይ ስክሪን ነው የሚያሳየው። ፕሪሚየር ፕሮጀክት ማናጀር፣ ሪዞልቭ ሚዲያ ማኔጅመንት የሚሉ መሰብሰቢያዎች አሏቸው። ፎንቶቹን ግን ራሳችሁ ጨምሩ። ከዚያ የመጨረሻውን ቪዲዮ በከፍተኛ ጥራት አንድ ጊዜ አውጡና አብራችሁ አስቀምጡት፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሶፍትዌሩ ፕሮጀክቱን አልከፍትም ቢል እሱ ይከፈታል። ፎልደሩን በዓመተ ምሕረትና በወር ጀምራችሁ ሰይሙት። ዲስኩ ላይ ውስጡ ያለውን የሚገልጽ ወረቀት ለጥፉ፤ የዝርዝሩን ቅጂም ስልካችሁ ላይ ያዙት። አምስት ዲስክ ሲኖራችሁ የትኛውን መሰካት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።